በፌዴሬሽን ዘመን የኤርትራ መንግሥት አቋምና ሕገ መንግሥታዊ ታሪክ (ከ1945 እስከ 1955 ዓ.ም.)

የሕገ መንግሥት ታሪክ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ፌዴሬሽን በተነሣ ቁጥር፣ ተማሪዎች ዘወትር የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ፌዴሬሽኑን ያፈረሰው ማን ነው?» የሚል ነው። አንዱ ንጉሠ ነገሥቱንና ሚኒስትሮቻቸውን ይጠቅሳል፤ ሌላው በኤርትራ የነበረውን የአንድነት ማኅበር ያነሣል፤ ሦስተኛውም ነገሩን ጀምሮ ሳይፈጽም የተወውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ይወቅሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባ ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ ይህም «ፌዴሬሽኑ በምን ላይ ቆሞ ነበር?» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚያ 10 ዓመታት የኤርትራ መንግሥት እንዴት እንደ ተቋቋመ፣ ሥልጣኑም በምን ዓይነት እንደ ተከፈለ፣ በመጨረሻም በየትኛው በኩል እንደ ተናደ መግለጽ ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፣ ለአንባቢ እንዲመች አንዳንድ ጊዜ የአውሮፓው በቅንፍ ይገባል።

ከሕገ መንግሥቱ በፊት የነበረው ሁኔታ

ኢጣልያ ይዞታዋን «ኤርትራ» ብላ በ1882 ዓ.ም. (1890) ቅኝ አገር ካደረገችው ጊዜ ጀምሮ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ በገዢ ስትተዳደር ኖረች። ሕግ የሚያወጣ የሕዝብ ጉባኤ አልነበረም። ሆኖም ሕዝቡ ያለ ሕግና ያለ ጉባኤ ኖሮ አያውቅም። በደጋው አውራጃዎች እያንዳንዱ መንደር በባይቶ ተሰብስቦ የመሬቱንና የአስተዳደሩን ነገር ይመክር ነበር፤ እንደ ሎጎ ጭዋና እንደ አድከመ ምልጋእ ያሉት የአገር ሕጎችም ርስትን፣ ጋብቻን፣ ደምንና ካሣን በዝርዝር ይደነግጉ ነበር። በምዕራቡ ቆላ የቤኒ ዓምር ነገዶች በድግለል ሥር በልዩ ሥርዓት ይኖሩ ነበር፤ ኩናማዎች ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚሆን አለቃ ሳይሾሙ በመንደር ሽማግሌዎች ጉባኤ ይተዳደሩ ነበር። ኢጣልያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1916 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ኤርትራ የልማድ ሕግ ያሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ጥናት መነሻ ሆኖ ይቈጠራል። የመንደሩን ባይቶ የሚያውቅ ሕዝብ የአገር ባይቶ በተቋቋመለት ጊዜ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ ያልሆነበት ስለዚህ ነው።

እንግሊዞች በ1933 ዓ.ም. ኤርትራን ከያዙ በኋላ፣ አገሪቱን በወታደርና በሲቪል ሹማምንት እያስተዳደሩ እስከ 1945 ዓ.ም. መባቻ ቆዩ። ኢጣልያ በ1939 ዓ.ም. (1947) በተፈረመው የሰላም ውል በቅኝ አገሮቿ ላይ የነበራትን መብት ስትለቅ፣ አራቱ ኃያላን መንግሥታት ስለ ኤርትራ ዕድል ተነጋግረው ሊስማሙ አልቻሉም። ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ። ከበርማ፣ ከጓቴማላ፣ ከኖርዌይ፣ ከፓኪስታንና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጡ የኮሚሲዮን አባሎች አገሩን ጐብኝተው በአንድ ሐሳብ ሳይስማሙ ተመለሱ። በመጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2 ቀን 1950) በ46 ድምፅ ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞ፣ 4 ድምፅ ሳይሰጡ ቀርተው፣ ቍጥር 390 የተባለውን ውሳኔ አሳለፈ። ከሙሉ አንድነትና ከፍጹም ነጻነት መካከል የተመረጠ የማስታረቂያ መንገድ ነበር።

የፌዴራሉ ድንጋጌና የሕገ መንግሥቱ መጽደቅ

የውሳኔው የመጀመሪያዎቹ 7 አንቀጾች በኋላ «የፌዴራል ድንጋጌ» የተባሉት ናቸው። በእነዚህ አንቀጾች መሠረት ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተያያዘች፣ በውስጥ ጉዳይዋ ራሷን የምታስተዳድር ክፍል ትሆናለች። የአገር መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብና ፊናንስ፣ የውጭና የክፍሎቹ እርስ በርስ ንግድ፣ ወደቦችም ያሉበት የመገናኛ ሥራ ለፌዴራል መንግሥት ተሰጠ። ከዚህ የቀረው ሁሉ፣ ፖሊስ ማቋቋም፣ ለውስጥ አስተዳደር የሚያስፈልገውን ግብር መጣልና በጀት ማጽደቅ ጭምር፣ የኤርትራ መንግሥት ድርሻ ሆነ። ሁለቱ አገሮች አንድ የጉምሩክ ክልል ሲሆኑ፣ ወደ ኤርትራ ከሚገባውና ከኤርትራ ከሚወጣው ዕቃ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለኤርትራ እንዲከፈል ተወሰነ። ቍጥራቸው እኩል የሆነ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወካዮች የሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲሰበሰብ ታዘዘ።

ሕገ መንግሥቱን የማዘጋጀት ሥራ የተሰጠው ለቦሊቪያዊው ለኤድዋርዶ አንሴ ማቲየንሶ ነበር። ኮሚሲዮነሩ በ1943 ዓ.ም. አሥመራ ገብቶ በየአውራጃው የሕዝቡን ሐሳብ ጠየቀ፤ ከሕግ ሊቃውንትም ጋር ሆኖ ረቂቁን አዘጋጀ። በመጋቢት 1944 ዓ.ም. የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ተደረገ። በአሥመራና በምጽዋ ሕዝቡ በቀጥታ ሲመርጥ፣ በሌላው ስፍራ ግን መንደሮችና ነገዶች በቅድሚያ መራጮችን እየላኩ በሁለት ደረጃ ምርጫው ተፈጸመ። ከ68ቱ መቀመጫዎች 34ቱ በክርስቲያኖች፣ 34ቱም በእስላሞች ተያዙ። የአንድነት ማኅበር 32፣ የዴሞክራቶቹ ግንባር 18፣ የምዕራብ አውራጃ የእስላሞች ማኅበር 15 መቀመጫ ሲያገኙ፣ ብቻውን የበላይነት ያገኘ አንድም ወገን አልነበረም። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 3 ቀን 1944 ዓ.ም. የጸደቀው በመስማማት ነው እንጂ በአንድ ወገን ድምፅ ብዛት አይደለም። ኮሚሲዮነሩ ሐምሌ 30 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ነሐሴ 5 ቀን ተቀበሉት። የፌዴራሉ ድንጋጌ በ1945 ዓ.ም. ርእሰ ዐውደ ዓመት ጸደቀ፤ መስከረም 5 ቀን የእንግሊዝ አስተዳደር ተፈጸመ።

የመንግሥቱ አቋም

ሕገ መንግሥቱ 99 አንቀጾች ነበሩት። በእርሱ የተቋቋመው መንግሥት በሦስት ክፍል ይታያል።

የመጀመሪያው ምክር ቤቱ ነው። ስሙ በትግርኛ ባይቶ ይባል ነበር። የአባሎቹ ቍጥር ከ50 እንዳያንስ፣ ከ70 እንዳይበልጥ፣ የሥራ ዘመናቸውም 4 ዓመት እንዲሆን ተደነገገ። ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ዋናውን አስፈጻሚ ይመርጣል። ትግርኛና ዓረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ሆኑ።

ሁለተኛው ዋናው አስፈጻሚ ነው። ምክር ቤቱ በምስጢር ድምፅ ለ4 ዓመት ይመርጠዋል፤ የየክፍሉን ሥራ የሚመሩትን ጸሓፊዎች የሚሾምና የሚሽር ግን እርሱ ራሱ ነው። በዚህ በኩል ሥርዓቱ ከእንግሊዝ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይልቅ ወደ አሜሪካኑ ፕሬዚዳንት ያዘነብላል። ምክር ቤቱ ሊከሰው የሚችለው ሕገ መንግሥቱን በብርቱ የጣሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዳኝነቱ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከተራው ይግባኝ ሌላ፣ የወጣ ሕግ ወይም ትእዛዝ ከሕገ መንግሥቱ ጋር መስማማቱን የመመርመር ሥልጣን ተሰጠው። ይህ በዘመኑ ለአፍሪካ ቀንድ አዲስ ነገር ነበር። ከዚህም ጋር ሕገ መንግሥቱ የየወገኑን የጋብቻና የውርስ ልማድ፣ የየነገዱንና የየመንደሩንም የመሬት መብት አስከበረ፤ ድሳ የሚባለው የመንደር የጋራ መሬትም ሆነ ርስት በአዲስ ሕግ ሳይነካ እንዲቆይ የተደረገው በዚህ መንፈስ ነው።

ከሦስቱ በላይ፣ ይልቁንም ከሦስቱ ውጭ፣ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ይቆማል። የተመረጠውን ዋና አስፈጻሚ በንጉሠ ነገሥቱ ስም በሥልጣኑ ያስቀምጠዋል፤ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ያውጃል። አንድ ሕግ የፌዴራሉን ሥልጣን ይነካል ብሎ ቢያስብ በ20 ቀን ውስጥ እንደ ገና እንዲታይ ወደ ምክር ቤቱ ሊመልሰው ይችላል፤ ምክር ቤቱ ግን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ደግሞ ቢያጸናው ሕጉ ይጸናል። በጽሑፉ እንደሚነበበው እንደራሴው የፌዴሬሽኑ ምልክትና ጠባቂ ነው፤ የኤርትራ ገዢ አይደለም። ረቂቁ በሚዘጋጅበት ጊዜ በኢትዮጵያ መንግሥትና በኮሚሲዮነሩ መካከል ብዙ ክርክር የተነሣውም በዚህ ሹመት ሥልጣን ስፋትና ጥበት ላይ ነበር።

የጐደለው ምሰሶ

እስከዚህ ድረስ የተገለጸው ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ነገር ግን ፌዴሬሽን ሁለት ዓይነት መንግሥት ይፈልጋል፤ የክፍሉ መንግሥትና የጠቅላላው መንግሥት። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ሕገ መንግሥቱን በ1780 አጸደቀ፤ የኅብረቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ1787 ተጻፈ። ክፍሉና ጠቅላላው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክር ቤት፣ አስፈጻሚና ዳኛ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሾምም፣ አይሽርምም።

በእኛ ዘንድ ክፍሉ ሕገ መንግሥት ነበረው፤ ጠቅላላው ግን አልነበረውም። የፌዴራሉ ድንጋጌ 7 አንቀጽ ብቻ ሆኖ፣ የፌዴራል መንግሥት ማን እንደ ሆነ፣ በማን እንደሚመረጥ፣ ለማን እንደሚጠየቅ አልዘረዘረም። በኢትዮጵያ በኩል የጸናው የ1923 ዓ.ም. (1931) ሕገ መንግሥት ነበር፤ እርሱም የአንድ አሐዳዊ ንጉሣዊ መንግሥት ሕግ ነው። ስለሆነም በአዲስ አበባ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ የፌዴራል መንግሥት ሆኖ ተገኘ። የኢትዮጵያ ሚኒስትር በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የፌዴራል ሚኒስትር ሆነ። ሁለቱን ወገን እኩል አድርጎ ለማገናኘት የታሰበው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ምክር ከመስጠት ያለፈ ሥልጣን ስላልነበረው፣ ብዙም ሳይቆይ ሥራው ቀዘቀዘ።

የዚህ ጕድለት ውጤት በሦስት ነገር ታየ። አንደኛ፣ የጉምሩኩን ቀረጥ የሚሰበስብና የኤርትራን ድርሻ ለክቶ የሚከፍል የፌዴራሉ መንግሥት ስለሆነ፣ የኤርትራ መንግሥት በጀት በሌላው እጅ ወደቀ፤ ስለ ድርሻው መጠን የተነሣውም ቅሬታ ዘመኑን ሙሉ አላባራም። ሁለተኛ፣ የሁለቱ መንግሥታት ሥልጣን ድንበር ባጠራጠረ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት የጋራ ዳኛ አልነበረም። ሦስተኛ፣ እንደራሴው የሚወክለው ሁሉን ክፍል ያቀፈ የፌዴራል መንግሥት ሳይሆን አንደኛውን ወገን ሆኖ ታየ።

እዚህ ላይ ለነገሩ ሚዛን የሚሆን አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። የኤርትራ ሕገ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ ያሳደረው በጎ ግፊትም ነበረ። በዘውዱ ሥር ያለ አንድ ክፍል የተመረጠ ምክር ቤት ሲኖረው፣ የቀረው ሕዝብ ግን ሳይኖረው መቅረቱ የሚያስነቅፍ ነገር ስለ ነበር፣ በ1948 ዓ.ም. (1955) ተሻሽሎ የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በሕዝብ የሚመረጥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አቋቋመ። ምርጫውም ከዚያ በኋላ ተፈጸመ። ይሁን እንጂ ይህ አዲስ ሕገ መንግሥት የፌዴራል አካል የሚሆን ምንም አልጨመረም፤ ግዛቱ የማይከፋፈል መሆኑን ግን አጽንቶ ተናገረ።

የ10 ዓመቱ ጕዞ

የመጀመሪያው ዋና አስፈጻሚ ከአንድነት ማኅበር መሪዎች አንዱ የነበሩት ደጃዝማች ተድላ ባይሩ ነበሩ። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንትነት ለምዕራቡ ቆላ ተወካይ ለዓሊ ረዳይ ተሰጠ። የሁለቱ ሹመት ራሱ የሁለቱን ሃይማኖት ወገኖች መስማማት የሚያሳይ ነበር። ደጃዝማች ተድላ ለኅብረቱ ከኢትዮጵያ ጋር የታገሉ ሰው ሲሆኑ፣ በወንበራቸው ከተቀመጡ በኋላ ግን የወንበሩን ሥልጣን ለማስከበር ከእንደራሴው ከራስ አንዳርጋቸው መሳይ ጋር መጋጨታቸው አልቀረም። ምክር ቤቱም በግንቦት 1946 ዓ.ም. (1954) የፌዴራሉ መንግሥት በውስጥ ጉዳይ መግባቱን በመቃወም ውሳኔ አሳለፈ። እንደራሴው በመጋቢት 1947 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር፣ በእርሳቸው መሥሪያ ቤት ዘንድ የውስጥና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ ገለጹ። በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር የሕገ መንግሥቱ ዋና ድንበር ተሻረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሐምሌ 1947 ዓ.ም. (1955) ደጃዝማች ተድላና ዓሊ ረዳይ ከሥራቸው ለቀቁ። በነሐሴ ወር የተመረጡት አዲሱ ዋና አስፈጻሚ አስፍሓ ወልደ ሚካኤል ቀድሞ የእንደራሴው ምክትል ነበሩ፤ ከተመረጡም በኋላ ምክትልነቱን እንደ ያዙ ቀጠሉ። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ብሎ እንዲመለከተው እለምናለሁ። ሕገ መንግሥቱ ዋናውን አስፈጻሚና እንደራሴውን ሁለት ያደረጋቸው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነበር። ሁለቱ ሹመት በአንድ ሰው ላይ ሲዳበል አንድም አንቀጽ ሳይሰረዝ ጥበቃው ቀረ። በእኔ ግምት ፌዴሬሽኑ የተናደበት ቀን ከመጨረሻው ጉባኤ ይልቅ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። አዲሱ የምክር ቤት ፕሬዚዳንት ኢድሪስ መሐመድ አደም በ1948 ዓ.ም. ከሹመታቸው ወረዱ። በ1950 ዓ.ም. መሐመድ ዑመር ቃዲ የሚባሉ ሰው አቤቱታ ወደ ተባበሩት መንግሥታት አቅርበው ሲመለሱ ተይዘው የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በዚሁ ዓመት በመጋቢት ወር በአሥመራ የሠራተኞች አጠቃላይ አድማ ሆኖ የሰው ደም ፈሰሰ። በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የኤርትራን ሰንደቅ ዓላማ አስቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በኤርትራ እንዲሠራበት ተወሰነ። በግንቦት 1952 ዓ.ም. (1960) «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» በሚል ተለወጠ፤ ዋናው አስፈጻሚም «ዋና አስተዳዳሪ» ተባሉ። ቀድሞ የምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ኢድሪስ መሐመድ አደም ከአገር ወጥተው በሐምሌ 1952 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የኤርትራን የነጻነት ግንባር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ከምክር ቤቱ ወንበር እስከ ጦር ግንባር ያለው መንገድ 4 ዓመት ብቻ ፈጀ።

ፍጻሜውና የሕጉ ክርክር

ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. (ኖቬምበር 14 ቀን 1962) ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ የፌዴሬሽኑን መፍረስና የኤርትራን ፈጽሞ መዋሐድ የሚናገር መግለጫ በአስፍሓ ወልደ ሚካኤል ተነበበለት። በማግሥቱ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ቍጥር 27 ወጣ። በዚያ ቀን ድምፅ ተሰጥቶ እንደ ሆነ ወይም በጭብጨባ ብቻ ታልፎ እንደ ሆነ ዛሬም ያከራክራል።

ከድምፁ ነገር ይልቅ የሚበልጠው ግን የሥልጣኑ ነገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 ሁለት ነገር ከልክሏል፤ ምክር ቤቱ ከፌዴራሉ ድንጋጌ ጋር የማይስማማ ማሻሻያ እንዳያገባ፣ ሕገ መንግሥቱ በዴሞክራሲ መሠረት ላይ የቆመ መሆኑን የሚናገረውንም አንቀጽ 16ን እንዳይለውጥ። ምክር ቤቱ የተፈጠረው በዚህ ሕግ ስለሆነ፣ የፈጠረውን ሕግ የማፍረስ ሥልጣን ከወዴት ያገኛል? የኮሚሲዮነሩ የሕግ አማካሪዎችም ፌዴሬሽኑ ከተቋቋመ በኋላ የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ የዓለም አቀፍ ሰነድነቱ እንደማይቀር፣ ቢጣስም ጉባኤው ነገሩን ሊያየው እንደሚችል አስቀድመው ጽፈው ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ፌዴሬሽኑ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት የቆመ ስለሆነ፣ ሁለቱ በተስማሙ ጊዜ ሊፈርስ ይችላል የሚል ክርክር ይቀርባል። ይህ ክርክር እንዲጸና ግን ሁለተኛው ወገን በእውነት ሁለተኛ ሆኖ መገኘት ነበረበት። በ1955 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት በአንድ አፍ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤም በነገሩ ሳይነጋገርበት ዝም ብሎ አለፈው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያውቀዋል። በ1953 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት 30 ዓመት ያህል ቆየ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. (1993) ከመቶ 99 የሚበልጡት ድምፅ ሰጪዎች ነጻነትን መርጠው፣ ኤርትራ ግንቦት 16 ቀን ነጻ መንግሥት ሆነች። በ1989 ዓ.ም. (1997) የጸደቀው ሕገ መንግሥቷም እስከ ዛሬ በሥራ አልዋለም። ኢትዮጵያም በበኩሏ በ1987 ዓ.ም. የጸናውን የፌዴራል ሕገ መንግሥት ይዛ፣ በክልሎችና በማዕከሉ መካከል ስላለው ሥልጣን እየተከራከረች ትገኛለች።

ወደ መነሻችን እንመለስ። ፌዴሬሽኑን ማን አፈረሰው ለሚለው ጥያቄ በርካታ ስም ሊጠቀስ ይችላል፤ ታሪክም የየሰዉን ድርሻ መመዘኑን አይተውም። እኔ ለተማሪዎቼ የማሳስበው ግን የአንድ ክፍል መንግሥት ሕገ መንግሥት የቱን ያህል ያማረ ቢሆን፣ ከበላዩ ያለው መንግሥት በእኩል ሕግ ካልታሰረ፣ ገንዘቡም በራሱ እጅ ካልሆነ፣ ዳኛውም የጋራ ካልሆነ፣ ዕድሜው በሹማምንቱ በጎ ፈቃድ ላይ እንደሚንጠለጠል ነው። የቀድሞው የመንደር ባይቶ ይህን በሌላ ቋንቋ ያውቀው ነበር፤ በአድከመ ምልጋእም ሆነ በሎጎ ጭዋ ሕግ የጸናው፣ ሕጉን የተማማሉት ወገኖች ሁሉ በሕጉ ሥር ስለሚዳኙ ነው። በ1945 ዓ.ም. የተማማለው አንዱ ወገን ብቻ ነበር።